የተከተቡት ስንት ናቸው፣ የተጠበቁትስ?

ከዓመታት በፊት የክትባት መረጃ በማጠናቀር ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ባዘጋጀሁት የሪፖርት ረቂቅ ውስጥ የፖሊዮ ክትባት ሽፋንን ከሚያሳየው ሰንጠረዥ ግርጌ፣ ከላይ የተመለከተው መቶኛ ከበሽታው የተጠበቁትን ሕፃናት ቁጥር ያሳያል የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። ረቂቁን ያነበቡት አንጋፋ ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከጎኑ «የተከተቡት ወይስ የተጠበቁት?» የምትል አጭር ጥያቄ ጽፈው መለሱልኝ። በጊዜው ነገሩ የቃላት ምርጫ ብቻ ስለመሰለኝ ቃሉን ለውጬ አለፍሁ። ጥያቄዋ ግን እኔን አላለፈችኝም፤ በኋላ የደም ናሙና ጥናቶችን ማንበብ ስጀምር በየገጹ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ማኅበረሰብ ለፖሊዮ ያለው የመከላከል አቅም በአንድ መቶኛ የሚነገር ነገር እንዳልሆነ፣ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠቅልለው እንደሚጠሩ የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊዮን ለመለካት አስቸጋሪ የሚያደርገው አብዛኛውን ሥራውን በዝምታ መሥራቱ ነው። ኩፍኝ አንድ ሰፈር ሲገባ ሽፍታው ራሱ ይናገራል። የፖሊዮ ቫይረስ ግን አንጀት ውስጥ ተራብቶ፣ በዓይነ ምድር ወጥቶ፣ በተበከለ እጅና ውሃ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር፣ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት ሳያዩ፣ ጥቂቶቹም ቀላል ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ብቻ ተሰምቷቸው ያልፋሉ። ቫይረሱ ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ ያልተከተቡ ሰዎችን ሲይዝ በዓይነት 1 ከ200 ገደማ፣ በዓይነት 3 ከ1,000 ገደማ፣ በዓይነት 2 ደግሞ ከ2,000 ገደማ ሰዎች በአንዱ ላይ ብቻ ነው ልምሻ የሚያስከትለው። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የአንድ ሕፃን እግር ሲዝል ከዚያ ሕፃን ጀርባ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ ማንም ያላያቸው ተያዦች አሉ ማለት ነው። የማኅበረሰቡን የመከላከል አቅም ለማወቅ ልምሻ እስኪታይ የሚጠብቅ ሰው፣ መልሱን የሚያገኘው መልሱ ካልጠቀመ በኋላ ነው። አስቀድሞ የመለካት ፍላጎት የመጣው ከዚህ ነው።

ቀላሉ መንገድ የክትባት ሽፋንን መቁጠር ነው፤ የእኔም ስህተት የነበረው እዚያ ላይ ነው። በአፍ የሚሰጠው የሳቢን ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ገብቶ መራባት ከቻለ ብቻ ነው። አንጀቱ በሌሎች ቫይረሶች ከተያዘ፣ ሕፃኑ ተቅማጥ ካለበት፣ ወይም ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ጠንካራ ከሆነ፣ ጠብታው ምንም ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱ ዓይነቶች በአንድ ጠብታ ሲሰጡ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ፤ ዓይነት 2 ሌሎቹን የመቅደም ጠባይ ነበረው። በታዳጊ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ በ1991 የታተመ ግምገማ፣ ሦስት ጊዜ ጠብታውን ከወሰዱ ሕፃናት መካከል በአማካይ ለዓይነት 1 መከላከያ ያበጁት 73 በመቶ፣ ለዓይነት 2 ያበጁት 90 በመቶ፣ ለዓይነት 3 ያበጁት 70 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሽፋኑ 90 በመቶ በሆነበት ቦታ ይህንን ብናሰላው ለዓይነት 1 የተጠበቁት 66 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናሉ። ሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው 90 ውሸት አይደለም፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ጥያቄ አይደለም።

የሕንድ ታሪክ ይህንን ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በሰሜን ሕንድ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ሕፃናት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ጠብታ ወስደውም በሽታው አልቆም ብሎ ነበር። በ2006 የታተመ ጥናት የሦስትዮሹ ጠብታ አንድ ዶዝ በዓይነት 1 ላይ የሚሰጠው ጥበቃ በኡታር ፕራዴሽ 9 በመቶ ገደማ፣ በተቀረው የአገሪቱ ክፍል ግን 21 በመቶ ገደማ መሆኑን ገመተ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ አውጥቶ ማስላት ጠቃሚ ነው። እያንዳንዱ ዶዝ ካልተጠበቁት ውስጥ 21 በመቶውን ቢጠብቅ ከአሥር ዶዝ በኋላ 90 በመቶው ይጠበቃል፤ 9 በመቶውን ብቻ ቢጠብቅ ግን ከአሥር ዶዝ በኋላ የሚጠበቀው 61 በመቶ ነው። የሁለቱ ሕፃናት የክትባት ካርድ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውነታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሕንድ ለየዓይነቱ ተለይተው የተሠሩ ጠብታዎችን፣ ቀጥሎም ዓይነት 1ንና 3ን ብቻ የያዘውን ጥንድ ጠብታ ተጠቅማ የመጨረሻውን የዱር ፖሊዮ (ከክትባት ያልመነጨው፣ በተፈጥሮ የሚዘዋወረው ቫይረስ) ታማሚ በጥር 2011 በምዕራብ ቤንጋል አየች። ወደዚያ ውሳኔ ለመድረስ ግን ካርድ መቁጠር አልበቃም፤ እያንዳንዱ ዶዝ ምን ያህል እንደሚሠራ መለካት ነበረበት።

ሰውነትን መጠየቅ ማለት ደምን መጠየቅ ነው። አንድ ሰው በክትባት ወይም በተፈጥሮ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ በደሙ ውስጥ አንቲቦዲ የምንላቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይፈጠራሉ። ከእነርሱም ቫይረሱን ይዘው ወደ ሕዋስ እንዳይገባ የሚያመክኑት ናቸው ለእኛ ዋና የሚሆኑት። ከ1949 በፊት ይህንን መለካት የሚቻለው ዝንጀሮዎችን ወይም፣ የላንሲንግ ዝርያ የሚባለው የዓይነት 2 ቫይረስ ከአይጦች ጋር ከተላመደ በኋላ፣ አይጦችን በመጠቀም ነበር። በዚያ ዓመት ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ ቫይረሱን ከነርቭ ውጭ በሆነ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ማራባት እንደሚቻል አሳዩ፤ በ1954ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ግኝቱ ለክትባት መሥሪያነቱ ሲወደስ ይኖራል፤ ለመለኪያነት ያበረከተውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በሕያው እንስሳ ላይ ሳይሞከር በአንድ ሳምንት ውስጥ የብዙ መቶ ሰዎችን ደም መመርመር የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሙከራው በመሠረቱ ዛሬም ያው ነው፤ አሠራሩን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ለቁጥሮቹ ያለኝ አክብሮትም ጥርጣሬም አብሮ ጨምሯል። ከደሙ የሚለየው ሴረም በመጀመሪያ ስምንት እጥፍ ይቀጥናል፤ ከዚያ 16፣ 32፣ 64 እያለ እስከ 1,024 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ እጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ በፕላስቲክ ሠሌዳ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይጨመራል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ መጠኑ የታወቀ ቫይረስ ይታከልበትና ለተወሰነ ሰዓት አብረው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ሕያው ሕዋሳት ይጨመሩና ሠሌዳው ለአምስት ቀን ያህል በሙቀት ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል። በሴረሙ ውስጥ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ቫይረሱ ይመክናል፣ ሕዋሳቱም ይተርፋሉ፤ ከሌለ ሕዋሳቱ ሞተው ከጉድጓዱ ወለል ይለቃሉ። ክሪስታል ቫዮሌት የሚባለው ቀለም ሲፈስበት በሕይወት የቆዩት ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ፣ የሞቱበት ጉድጓድ ጠርቶ ይቀራል። ሕዋሳቱን ማትረፍ የቻለው የመጨረሻው ቅጥነት የዚያ ሰው ታይተር ይባላል። ስምንት እጥፍ ቀጥኖም ያመከነ ሴረም አዎንታዊ ይባላል፤ ከዚያ በታች የሆነው አሉታዊ ነው። ይህ ሁሉ ለሦስቱ ዓይነቶች በየራሳቸው ይደገማል፤ ስለዚህ «ለፖሊዮ አዎንታዊ» የሚባል ሰው የለም፣ ለዓይነት 1 ወይም 2 ወይም 3 አዎንታዊ የሆነ ሰው እንጂ።

ስምንት የሚለው ወሰን የተመረጠው በከፊል ለአሠራር ስለሚመች ነው። በዚህ ደረጃ የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ በደም አድርጎ ወደ አከርካሪ ነርቭ እንዳይደርስ ያግዳል ተብሎ ይታመናል፤ ይሁንና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ የተጋለጠ ነው ማለት አይደለም። ከዓመታት በፊት ተከትቦ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን የወረደ ሰው፣ ሰውነቱ ቫይረሱን ስለሚያስታውስ ሲነካው በጥቂት ቀናት ውስጥ መከላከያውን መልሶ ሊያነሣ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ በመርፌ የተከተቡ ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙዎቹ በሠሌዳው ላይ አሉታዊ ሆነው ቢታዩም ቀጣዩን ዶዝ ሲያገኙ ገና ከሚጀምር ሕፃን ይልቅ ፈጥነው ምላሽ ይሰጣሉ። ጥናቱ «አሉታዊ» ብሎ የሚቆጥራቸው ሰዎች እንግዲህ ከቫይረሱ ጋር ፈጽሞ ያልተዋወቁና ተዋውቀው ዝም ያሉ ሰዎች ድብልቅ ናቸው። ሠሌዳው ሁለቱን አይለይም።

ስለ ፀረ እንግዳ አካል ዘላቂነት ሳስብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በፖይንት ባሮው ነዋሪዎች ላይ የተሠራው ጥናት ነው። ጆን ፖል የተባለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረባው ከእነዚህ ሰዎች የተወሰደ ሴረም በላንሲንግ ዝርያ መርምረው ውጤቱን በ1950 አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ገደማ በታች የሆኑት ፀረ እንግዳ አካል አልነበራቸውም፤ ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ግን ብዙዎቹ ነበራቸው። በአካባቢው በ1930 አካባቢ ወረርሽኝ እንደነበረ ይታወቃል። ቫይረሱ መጣ፣ አገኛቸው፣ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በተወለዱት ላይ አልተመለሰም፤ ያገኛቸው ሰዎች ደም ግን ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላም መዝግቦት ተገኘ። የደም ቅኝት የአንድን ሕዝብ ያልተጻፈ ታሪክ ሊያነብ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ዕድሜን ሳይለዩ አማካይ ቢወስዱ ኖሮ ያገኙት ስለማንም የማይናገር አንድ መካከለኛ ቁጥር ይሆን ነበር።

ዕድሜ በሌላም መንገድ ያስታል። አራስ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ይወለዳል፤ ይህም በየወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሲወለድ 512 የነበረ ታይተር ወደ 8 ለመውረድ ስድስት ጊዜ መገመስ አለበት፤ ያ ማለት የስድስት ወር ዕድሜ ነው። የሦስት ወር ሕፃናትን ደም ወስዶ ክትባቱ ሠርቷል የሚል ሰው፣ የእናቶቹን ደም እየለካ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጥናቶች ከስድስት ወር ዕድሜ የሚጀምሩት፣ ከዚያም ዘለው የሦስት ዓመት ልጆችን የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መደበኛው ክትባት ምን እንደሠራ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ ተደጋጋሚ ዘመቻዎች ምን እንደጨመሩ ያሳያሉ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነጥብ ልምጣ። የመከላከል አቅም የምንለው አንድ ስም ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ አንደኛው ሰውየውን ከልምሻ የሚጠብቀው ነው፣ ሁለተኛው ሰውየው ቫይረሱን አንጀቱ ውስጥ አራብቶ ለሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ የሚያግደው ነው። የመጀመሪያው በደም ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ከሞላ ጎደል በአንጀት ግድግዳ ላይ ነው። በሠሌዳው ላይ የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በ1955 የተፈቀደው የሳልክ ክትባት የሞተ ቫይረስ ስለሆነና በመርፌ ስለሚሰጥ በደም ውስጥ እጅግ ጥሩ መከላከያ ያበጃል፤ ሕያው ቫይረስ አይቶ ለማያውቅ አንጀት የሚሰጠው ጥበቃ ግን ደካማ ነው። በጠብታ የተከተበ ሕፃን በአንጀቱም ይጠበቃል፣ ያም ቢሆን ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳል።

በ2013 በእስራኤል የሆነውን ተመልከቱ። አገሪቱ ከ2005 ጀምሮ ጠብታ መስጠት አቁማ በመርፌ ብቻ ትከትብ ነበር፤ ሽፋኑም ከ90 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት በደቡብ በኩል በምትገኘው በራሃት ከተማ አካባቢ የፍሳሽ ናሙና ውስጥ የዱር ዓይነት 1 ቫይረስ ተገኘ፤ ለወራትም መገኘቱን ቀጠለ። አንድም ሰው ልምሻ አልደረሰበትም። የደም ጥናት ቢደረግ ኖሮ ውጤቱ እጅግ የሚያስደስት ይሆን ነበር፣ እውነትም ይሆን ነበር፤ ልጆቹ ከልምሻ ተጠብቀዋልና። ነገር ግን እነዚያው የተጠበቁ ልጆች ቫይረሱን በሰገራቸው እያወጡ እርስ በርስ ይቀባበሉት ነበር። መንግሥት በነሐሴ ወር ጥንዱን ጠብታ ለልጆች በዘመቻ መስጠት ጀመረ፤ ይህም ለልጆቹ ለራሳቸው ሳይሆን በዋናነት በዙሪያቸው ላሉት ሰዎች የተሰጠ ክትባት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ «የዚህ አገር ሕዝብ የመከላከል አቅም ስንት በመቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው፣ ከምን ለመከላከል ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ።

የጋራ መከላከያ ወሰን ተብሎ የሚጠቀሰውም ቁጥር በዚሁ ምክንያት በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ማንም መከላከያ በሌለበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ የተያዘ ሰው ከ5 እስከ 7 ሰዎችን ያስይዛል ከተባለ፣ ስርጭቱን ለማቆም ከ80 እስከ 86 በመቶ የሚሆነው ሰው መጠበቅ አለበት የሚል ስሌት ይወጣል። ንጽሕና በጎደለበትና ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ አንዱ የሚያስይዘው ሰው ቁጥር ከዚያ ይበልጣል፣ ወሰኑም አብሮ ይወጣል። ስሌቱ ግን የሚናገረው ስለ ማስተላለፍ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ከጎኑ የሚያስቀምጡት ደግሞ ከደም የተገኘ መቶኛ ነው። የአንዱን መስፈሪያ ለሌላው መጠቀም ማለት ይህ ነው።

የአንጀትን መከላከያ መለካት አይቻልም ማለቴ አይደለም፣ ውድና አድካሚ ነው እንጂ። የተለመደው ዘዴ ለልጁ ጠብታ ሰጥቶ ከሳምንት በኋላ የሰገራ ናሙና መውሰድና የክትባቱ ቫይረስ እየወጣ መሆኑን ማየት ነው፤ አንጀቱ የተጠበቀ ከሆነ ምንም አይወጣም ወይም ጥቂት ብቻ ይወጣል። በዚህ መንገድ በሕንድ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት፣ ቀድሞ በጠብታ ለተከተቡ ልጆች አንድ መርፌ ቢጨመርላቸው የአንጀት መከላከያቸው እንደሚታደስ አሳይቷል። መርፌው ለአንጀት አይጠቅምም የሚለው አባባል እንግዲህ በግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ጠብታን የማያውቅ አንጀትን እምብዛም አያስተምርም፣ የሚያውቀውን ግን ያስታውሰዋል።

ወደ ቆጠራው ልመለስ፤ ማንን ናሙና እንውሰድ? መቶ ሕፃናት ተመርምረው 85ቱ አዎንታዊ ቢሆኑ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ77 እስከ 91 በመቶ ባለው መካከል በየትኛውም ሊሆን ይችላል። ወሰኑ 80 ነው ብለን ከተነሣን ይህ ጥናት አልፈናል ወይስ ወድቀናል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሕፃናቱን ወደ 400 ብናሳድግ ስህተቱ ወደ 3.5 በመቶ ይጠባል፤ ነገር ግን ናሙናው የሚወሰደው በየቤቱ በዕጣ ሳይሆን ከተመረጡ ሰፈሮች በቡድን ከሆነ፣ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ 400ው ሕፃን የ200 ያህል መረጃ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን በሒሳብ የሚታረመው ቀላሉ ችግር ነው። የሚከብደው ክትባት ያልደረሰው ሕፃን ናሙና ሰብሳቢም የማይደርሰው መሆኑ ነው። ከተማ ዳር በጊዜያዊ መጠለያ የሚኖር፣ ከከብት ጋር የሚዘዋወር፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ ያለ ወይም ወላጆቹ በር የማይከፍቱለት ሕፃን በዘመቻውም በጥናቱም ውስጥ የለም። ናሙናው ከሆስፒታል ከተወሰደ ደግሞ የምንለካው ቀድሞውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡትን ነው።

አማካይ ደግሞ ቀዳዳን ይደብቃል። በኔዘርላንድስ በ1992 መገባደጃ በጀመረው ወረርሽኝ 71 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሞቱ። የአገሪቱ የክትባት ሽፋን ከ90 በመቶ በላይ የነበረ ሲሆን፣ ታማሚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሃይማኖታዊ ምክንያት ክትባት የማይወስዱ ማኅበረሰቦች አባላት ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ከአገሩ ሕዝብ አንጻር ትንሽ ነው፤ ግን አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ እርስ በርስ ይጋባሉ። ለቫይረሱ አገሩ ማለት እነርሱ ነበሩ። በታጂኪስታን በ2010 ከ450 በላይ ሰዎች ላይ ልምሻ ያደረሰው ወረርሽኝም የተነሣው በሪፖርቱ ላይ የሚያሰጋ ቁጥር ሳይታይ ነው፤ እዚያ ግን ችግሩ አንድ ቡድን ብቻ ሳይሆን የሪፖርቱም እምነት የሚጣልበት አለመሆን ነበር።

የደም ቅኝት በየወሩ ሊሠራ ስለማይችል በመካከሉ ሌሎች ምትክ መለኪያዎች አሉ። ድንገተኛ ልምሻ ታይቶባቸው በምርመራ ፖሊዮ አለመሆኑ የተረጋገጠላቸው ልጆች ስንት ዶዝ እንደወሰዱ ይጠየቃል፤ እነዚህ ልጆች ባልታሰበ መንገድ የተገኙ የማኅበረሰቡ ናሙና ተደርገው ይወሰዳሉ። ከዘመቻ በኋላ ደግሞ በስድስት ቦታ አሥር አሥር ሕፃናትን አይቶ፣ ከ60ዎቹ ጣታቸው ላይ የመከተባቸው ምልክት የሌለባቸው ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ አካባቢው አለፈ ይባላል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፣ ሁለቱም የሚቆጥሩት ግን ጠብታን ነው፣ መከላከያን አይደለም።

ከ2016 ወዲህ ጉዳዩ አዲስ መልክ ይዟል። የዱር ዓይነት 2 ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1999 በመሆኑ፣ በሚያዝያና በግንቦት 2016 ጠብታ ይጠቀሙ የነበሩ 155 አገሮችና ግዛቶች የሦስትዮሹን ትተው ወደ ጥንዱ ተሸጋገሩ። ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች ዓይነት 2ን የሚያውቁት በመርፌ ከሚያገኙት ብቻ ሆነ፤ የአንጀት መከላከያቸው በየዓመቱ በተወለደው ትውልድ መጠን እየተሸረሸረ ሄደ። ያልተከተበ ሰው በበዛበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ከሰው ወደ ሰው እየተዘዋወረ ጠባዩን የለወጠ፣ ከክትባቱ የመነጨ ዓይነት 2 ቫይረስ በብዙ አገሮች ወረርሽኝ አስነሣ፤ ይህን ለመቋቋም የተሻሻለው አዲስ ጠብታ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለመለኪያ ሥራ ግን ይህ ሁኔታ የማይጠበቅ ዕድል ከፍቷል። ከ2016 በኋላ የተወለደ፣ መርፌም ሆነ የዓይነት 2 ጠብታ ያላገኘ፣ የእናቱ መከላከያም ያለቀበት ልጅ በደሙ ውስጥ የዓይነት 2 ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ፣ አንድ ቦታ ላይ ቫይረሱን አግኝቶታል ማለት ነው። በዓይነት 1 እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከክትባት ይሁን ከዱር ቫይረስ መልኩ አንድ ነውና።

ይኸው ሽግግር ቤተ ሙከራዎችንም አጥብቧል። ሙከራው ሕያው ቫይረስ ይጠይቃል፤ ዓይነት 2 ደግሞ አሁን በተፈቀደላቸው ጥቂት ተቋማት ብቻ በጥብቅ ጥበቃ እንዲያዝ ተወስኗል። ስለዚህ ሕያው ቫይረስ የማይፈልጉ፣ ከጣት ተወስዶ በወረቀት ላይ በደረቀ ጠብታ ደምም ሊሠሩ የሚችሉ ሌሎች ዘዴዎች እየተሞከሩ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አዲሱ ዘዴ የሚያየው ቫይረሱን የሚያመክነውን ነው ወይስ ቫይረሱ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ? መለጠፍና ማምከን አንድ አይደሉም።

ሠሌዳው ላይ የሚጨመረው ቫይረስ የትኛው እንደሆነም ዋጋ አለው። በ2010 መጨረሻ በኮንጎ ሪፐብሊክ በፖይንት ኑዋር ከተማ የተነሣው የዓይነት 1 ወረርሽኝ በብዛት የያዘው ሕፃናትን ሳይሆን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሲሆን፣ ብዙ ሰውም ገድሏል። አንደኛው ምክንያት ያ ትውልድ በልጅነቱ በአግባቡ አለመከተቡ እንደሆነ ይታመናል። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ቫይረሱን መርምረው ውጫዊ ቅርፊቱ ላይ ለውጥ አገኙ፤ የተከተቡ ሰዎችን ሴረም ሲሞክሩበትም ከተለመዱት ዝርያዎች ይልቅ በቀላሉ የማይመክን ሆነባቸው። ወረርሽኙ በተለመደው ክትባት መቆሙ እውነት ነው። ሆኖም በሳቢን ዝርያ ተመርምሮ በጭንቅ ስምንት ላይ ያረፈ ሰው፣ ለዚያኛው ቫይረስ ከስምንት በታች ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ አሁን የደም ጥናት ሪፖርት ሲደርሰኝ ከማጠቃለያው መቶኛ በፊት የማነበው በየትኛው ዝርያ እንደተሞከረ፣ የልጆቹ ዕድሜ ስንት እንደነበረና ናሙና ሰብሳቢዎቹ ሊገቡባቸው ያልቻሉ ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ እርሱን ለማወቅ ለአዘጋጆቹ እጽፋለሁ።